«ደሙ አይፈቅድም» የተባለው ወጣት፦ የአንድ የስኪዞፍሬንያ ሕክምና ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ በአጭሩ

ስኪዞፍሬንያ፣ ማለትም የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም፣ ያለበት ወጣት ነው። ሁለት መድኃኒቶች በበቂ መጠንና ጊዜ ተሞክረው አልረዱትም። ሦስተኛው፣ ለእንደ እሱ ዓይነት ታማሚ ተመራጭ የሆነው ክሎዛፒን፣ «ደሙ አይፈቅድም» ተብሎ ተከለከለ። ከዓመት በላይ እንዲሁ ቆየ። በኋላ ሲጣራ ደሙ ምንም አልሆነም። የነጭ ደም ሕዋሱ ቁጥር ዝቅ ያለው ተፈጥሮው እንደዚያ ስለሆነ ነው፤ ከወላጆቹ የወረሰው ነው።

የአእምሮ ሐኪም ነኝ፤ የምሠራው መሀል አዲስ አበባ ነው። ቤተሰቡ እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቁ ነገሮችን ቀይሬያለሁ። በሌላ ቤት ያለ ሌላ ልጅ በዚህችው ቁጥር ምክንያት መድኃኒት እንዳይከለከል ብዬ ነው የምጽፈው።

ልጁና ቤተሰቡ

ያደገው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። አባት ጡረታ ወጥተዋል። እናት እንጀራ ጋግረው ለሱቆች ያስረክባሉ። ታላቅ እህት ባንክ ትሠራለች፤ የቤቱ ወጪ በአብዛኛው እሷ ላይ ነው። ልጁ በትምህርቱ ጎበዝ ነበር፣ ምሕንድስና ገብቶ ሦስተኛ ዓመት ደርሷል። በ22 ዓመቱ ገደማ መለወጥ ጀመረ። መጀመሪያ ዝም አለ። ጓደኞቹን ራቀ፣ ገላውን መታጠብ ተወ፣ ሌሊቱን ሲንቆራጠጥ ያድራል። አንዱ «ፍቅር ይዞት ነው» ይላል፣ ሌላው «ፈተና ከብዶት ነው» ይላል። ከወራት በኋላ ድምፅ መስማት ጀመረ። ሁለት ሰዎች የሚያደርገውን ሁሉ እየተከታተሉ ያወሩበታል። ዶርም ውስጥ ካሜራ ተደብቆብኛል ብሎ አምፖሎቹን ሲነቃቅል ነው ለቤት የተደወለው።

እንደ ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሄዱት ጠበል ነው፤ እንጦጦ ማርያም። እዚያ ጥቂት ሳምንታት ቆዩ። አንዳንድ ቀን ረጋ ይላል፣ አንዳንድ ቀን ይብስበታል። ከዚያ ሆስፒታል ወሰዱት።

የመጀመሪያው ካርዱ ላይ «በቤተሰብ ተመሳሳይ ሕመም፦ የለም» ተብሎ ተጽፏል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የእናትየው ወንድም ወጣት ሳለ እንዲሁ ዝም ብሎ፣ ከሰው ርቆ፣ ብቻውን እያወራ ኖሮ ነው ያረፈው። አገር ቤት «ዛር ነው» ሲባል ነበር። እናት ይህን ያልተናገሩት አውቀው ነው። ልጃቸው ለጋብቻ ደርሳለች፤ «ከእብድ ዘር ናት» እንዳይባል ፈሩ። እኔ በዚህ አልፈርድባቸውም። ፍርሃታቸው የሚያዩትን የሚሰሙትን ይዞ የመጣ ፍርሃት ነው።

የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች

በሃሎፔሪዶል ጀመሩለት። በሦስተኛው ቀን አንገቱ ተጠማዘዘ፣ ምላሱ ተሳሰረ። ይህ በወጣት ወንዶች ላይ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ በመርፌ ቶሎ ይፈታል። ልጁ ግን በጣም ስለፈራ ያን መድኃኒት እንደገና አልነካም አለ። ወደ ሪስፔሪዶን ተቀየረ። መጠኑ ቀስ እያለ በቀን 6 ሚሊግራም ደረሰ። እህቱ ማታ ማታ በእጇ ትሰጠዋለች፣ ውኃ ታጠጣዋለች፣ አፉን ትመለከታለች። ድምፁ ግን አልቆመም።

ካርዱ ላይ በተደጋጋሚ «መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም» ተብሎ ተጽፏል። እህት «ዶክተር፣ እኔ ነኝ የማውጠው» ብትልም ማንም አልሰማትም። ይህን ሳነብ ተናደድኩ። መድኃኒት ሳይሠራ ሲቀር መጀመሪያ ታማሚውን መጠርጠር በሙያችን ውስጥ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ይሆናል። እዚህ ግን ምስክር አለ፣ ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደሚችልም ይታወቃል።

ሌላው ምክንያት ዘረመል ነው። ሪስፔሪዶንን ጉበት ውስጥ በዋናነት የሚቀይረው ኢንዛይም ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል። አንዳንድ ሰው የዚህ ኢንዛይም ጂን ተጨማሪ ቅጂ ይዞ ይወለዳል፤ እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒቱን ከሌላው በበለጠ ፍጥነት ይጨርሰዋል። በ1996 በፈረንጆች አቆጣጠር በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ይህ ከመቶ 1 ወይም 2 ነው። በ2019 ደግሞ ሪስፔሪዶን በሚወስዱ ከ1,200 በላይ ታማሚዎች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ፈጣን ጨራሾቹ መድኃኒቱ አልሆነላቸው ብሎ ወደ ሌላ የመቀየር ዕድላቸው ከመደበኛዎቹ ወደ ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። መደበኛው መጠን የተወሰነው በአብዛኛው እንደኛ ዓይነት ጂን በሌለው ሕዝብ ላይ ተሞክሮ ነው።

ለዚህ ልጅ የጂን ምርመራ አልተደረገለትም፤ ስለዚህ ፈጣን ጨራሽ ነበር ብዬ አልጽፍም። ግን «አይወስድም» ተብሎ ከመጻፉ በፊት ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነበር። ከዚህ ላይ ደግሞ ጫት አለ። ልጁ ቅዳሜና እሁድ ከሰፈር ልጆች ጋር ይቅም ነበር። ጫት ራሱ ሕመሙን ሊያባብስ እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በኢትዮጵያውያን ፈቃደኞች ላይ በተሠራ ጥናት ጫት ይህንኑ ኢንዛይም እንደሚያዳክም መታየቱን ነው። እና በሳምንቱ መሀል አንድ ዓይነት፣ በሳምንቱ መጨረሻ ሌላ ዓይነት የመድኃኒት መጠን በደሙ ውስጥ ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

የመውሰድ ያለመውሰዱን ክርክር ለመዝጋት ወደ ወር መርፌ ተቀየረ፤ ፍሉፌናዚን። መርፌ የተወጋ ሰው ዋጠ አልዋጠም አይባልም። ለወራት በየቀጠሮው ተወጋ። ድምፁ ትንሽ ራቀ፣ ጥርጣሬው አልጠፋም፣ ልጁ ከክፍሉ አይወጣም። በቂ መጠን፣ በቂ ጊዜ፣ የተረጋገጠ አወሳሰድ፤ ሁለት መድኃኒት እንዲህ ተሞክሮ ካልሠራ ሕመሙ ለመድኃኒት አስቸጋሪ ነው ይባላል። ከስኪዞፍሬንያ ታማሚዎች ሲሶ ያህሉ እዚህ ይደርሳሉ። ለነሱ ያለው መድኃኒት ክሎዛፒን ነው።

«ደሙ አይፈቅድም»

ክሎዛፒን ኃይለኛ መድኃኒት ነው። በ1975 ፊንላንድ ውስጥ ክሎዛፒን ይወስዱ ከነበሩት መካከል 8 ሰዎች ነጭ የደም ሕዋሳቸው ተሟጦ በኢንፌክሽን ሞቱ፤ ከዚያ በኋላ በብዙ አገር ለዓመታት ተሰወረ። በ1988 የወጣ ትልቅ ጥናት ሌሎች መድኃኒቶች ካልረዷቸው ሰዎች 30 በመቶው በክሎዛፒን ሲሻላቸው ክሎርፕሮማዚን በሚባለው የቆየ መድኃኒት የተሻላቸው 4 በመቶው ብቻ እንደሆኑ አሳየ። ስለዚህ ተመለሰ፤ የደም ምርመራ ግን ግዴታ ሆነበት። አደጋው ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አይሞላም፣ አብዛኛውም በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው የሚመጣው።

ምርመራው የሚያየው ኒውትሮፊል የሚባሉትን፣ ኢንፌክሽን የሚዋጉ ነጭ የደም ሕዋሳት ነው። ለመጀመር በአንድ ማይክሮሊትር ደም ቢያንስ 1,500 ያስፈልጋል። የልጁ 1,300 ነበር። ደግመው ለኩት፤ 1,200 ሆነ። ካርዱ ላይ «ክሎዛፒን አይፈቀድም» ተብሎ ተጻፈና ወደ ቤት ተመለሰ። የወር መርፌው ቀጠለ። እናት «ደሙም ታመመ» ብለው ስጋ፣ ጉበት፣ ቀይ ሥር ያበሉት ጀመር።

እኛ ጋ ሲመጡ መጀመሪያ የጠየቅነው ከሕመሙ በፊት የተሠራ የደም ምርመራ እንዳለ ነው። እናት በፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዘው መጡ። ውስጡ የክትባት ካርድ አለ፣ የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት አለ፣ ልጁ 17 ዓመት ሲሆነው ለታይፎይድ የተመረመረበት የላቦራቶሪ ውጤትም አለ። ኒውትሮፊሉ ያኔም 1,400 ነበር። ያኔ የአእምሮ መድኃኒት ቀርቶ የራስ ምታት ክኒን እንኳ አዘውትሮ አይወስድም። ከዩኒቨርሲቲ መግቢያ ምርመራው የተረፈ ሌላ ወረቀት ላይ ደግሞ 1,250 ነው።

ይህ ነው ነገሩን የቀየረው። የብዙ አፍሪካውያንና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ኒውትሮፊል በተፈጥሮው ዝቅ ያለ ነው። ምክንያቱ ኤሲኬአር1 የሚባል ጂን ላይ ያለ ለውጥ ነው፤ ዳፊ የሚባለው የደም ዓይነት በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ እንዳይታይ ያደርጋል። ይህ ለውጥ ለቪቫክስ ወባ ጥሩ መከላከያ ስለሆነ ነው በአፍሪካ የተስፋፋው። በአገራችን ሁሉም ሰው ላይ የለም፤ ብዙ ሰው ላይ ግን አለ። እንዲህ ያለ ሰው መቅኔው ጤነኛ ነው፣ በኢንፌክሽን የመጠቃት ዕድሉም ከሌላው አይበልጥም። ደሙ ውስጥ የሚንሸራሸሩት ኒውትሮፊሎች ቁጥራቸው ብቻ ነው የሚያንሰው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

አሮጌ ወረቀት ተገኘ ብሎ ክሎዛፒን መጀመር አይቻልም። ሌላ ምክንያት መኖር አለመኖሩ መጣራት አለበት። ኤችአይቪ፣ ጉበት፣ ጣፊያ፣ ቫይታሚን ቢ12 ታዩ፤ ሁሉም ደህና። በተደጋጋሚ አፉ ይቆስላል ወይ? ሳንባ ምች ይይዘዋል ወይ? የለም። ቁጥሩ በተለያየ ሳምንት ሲለካ ከ1,100 እስከ 1,450 ይወጣል ይወርዳል እንጂ ከ1,000 በታች አልወረደም። ከደም ሐኪም ጋር ተነጋገርን። እህቱ በራሷ ፈቃድ ተመረመረች፤ የሷም 1,350 ሆነ። እሷ ፍጹም ጤነኛ ናት። የዳፊ የደም ዓይነት ምርመራ አልተደረገም፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ለውሳኔው የግድ አላስፈለገም።

ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች ሌላ መስፈርት አለ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2015 ባወጣው መመሪያ ከሕክምናው በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተለክቶ የተለመደ ቁጥሩ ከታወቀ በ1,000 መጀመር ይቻላል፤ መድኃኒቱ የሚቋረጠው ከ500 በታች ሲወርድ ነው። እኛ የተከተልነው ይህንን ነው። አሜሪካ በ2025 የደም ውጤትን የማስመዝገብ ግዴታውን ራሱ አንስታለች፤ ምርመራው ግን አሁንም ይመከራል፣ እኔም አልተውኩትም።

የወር መርፌው ቶሎ ከሰውነት ስለማይወጣ ቆምንና ጠበቅን። ከዚያ በ12.5 ሚሊግራም ጀመርን፤ ቀስ በቀስ በቀን 350 ደረሰ። ደሙ በየሳምንቱ ይታይ ነበር። የዚህ ሸክም የወደቀው እህት ላይ ነው። ጠዋት ከሥራ ታስፈቅዳለች፣ ይዛው ትመጣለች፣ ከፍላ ታስመረምረዋለች፣ ውጤቱን በስልክ ፎቶ አንስታ ትልክልናለች። ያለ እሷ ይህ ሕክምና አይሆንም ነበር።

ጠበሉን ተዉ አላልንም። ከንስሐ አባቱ ጋር በስልክ ተነጋገርን፤ ጠበል ጠዋት፣ መድኃኒት ማታ ሆነ። አባ ትልቅ እገዛ አደረጉ፤ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ እሳቸው ራሳቸው ይነግሩት ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ያልጠበቅነው መጣ። ልጁ በቀን አንድ ፓኮ ያጨስ ነበር። ጾሙን አክብሮ ሲጋራውን በአንድ ቀን ተወ። ቤተሰቡ ደስ አለው፤ ለኛ መንገር ግን ማንም አላሰበም። ከሳምንት በኋላ መነሣት አቃተው፣ ምራቁ ትራሱን ያረጥባል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል። ክሎዛፒንን የሚቀይረው ኢንዛይም ሲዋይፒ1ኤ2 ነው፤ የሲጋራ ጭስ ይህን ኢንዛይም ያፋጥነዋል። ጭሱ ሲቆም ኢንዛይሙ ይቀዘቅዛል፣ ያው 350 ሚሊግራም ደም ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ከፍ ሲል የሚጥል በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ወደ 250 ዝቅ አደረግነው፤ በቀናት ውስጥ ነቃ። ሲጋራውን ከፋሲካ በኋላም አልተመለሰበትም፤ ዛሬም በ250 ነው ያለው።

ቤተሰቡ የጠየቀው

መድኃኒቱ መሥራት ሲጀምር ነው እናት ስለ ወንድማቸው የነገሩኝ። ቤት ውስጥ ለዓመታት ነገሩ ሲንገዋለል ነበር፤ የአባት ወገን «ከእናንተ የመጣ ነው» ይላል። እህት ደግሞ ሽማግሌ ሊላክባት ነበርና ቀጥታ ጠየቀችኝ፦ «እኔ ልጅ ብወልድ ይታመማል?»

ያልኳትን እጽፋለሁ፤ ብዙ ቤት ውስጥ ያለ ጥያቄ ነው። ስኪዞፍሬንያ ከ100 ሰው በ1 ሰው ላይ ገደማ ይታያል። ወንድሙ ወይም እህቱ የታመመበት ሰው ዕድሉ ወደ 10 ከመቶ ነው። የታማሚ ወንድም ወይም እህት ልጅ ወደ 4 ከመቶ፤ ስለዚህ 96ቱ አይታመሙም። አንድ ዓይነት ዘረመል ያላቸው መንትዮች እንኳ አንዱ ቢታመም ሌላው የሚታመመው ግማሽ ያህል ጊዜ ወይም ከዚያ ባነሰ ነው። ዘር ትልቅ ድርሻ አለው፣ ብቻውን ግን አይወስንም። ደግሞም «የእብደት ጂን» የሚባል አንድ ነገር የለም። በ2022 የወጣው ትልቁ ጥናት ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 287 የዘረመል ቦታዎች አገኘ፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ትንሽ ነው፣ ሁላችንም የተወሰኑትን ይዘናል። የአባትም ወገን ይዟል፣ የእናትም ወገን ይዟል። ኒውትሮፊልን ዝቅ የሚያደርገው ያ የደም ጠባይ ራሱ በአብዛኛው ከሁለቱም ወላጅ ሲወረስ ነው የሚታየው። ይህን አባት ባሉበት ነው የነገርኳቸው።

የነዚህ ጥናቶች ተሳታፊዎች አብዛኞቹ አውሮፓውያንና የምሥራቅ እስያ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከነሱ የተሠራው የዘረመል ነጥብ፣ ማለትም የብዙ ጂኖች ድርሻ ተደምሮ የሚሰላው የሕመም ዕድል፣ ለኛ ታማሚ በደንብ አይተነብይም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ተቋማት ጋር የተሳተፈበት ኒውሮጋፕ የሚባል ጥናት ይህን ክፍተት ለመሙላት የተጀመረ ነው። እስከዚያው ድረስ በምራቅ ምርመራ የልጃችሁን ዕጣ እነግራችኋለሁ የሚል ካለ ገንዘባችሁን አትስጡት።

የተሳካውና ያልተሳካው

ድምፁ በአራተኛው ወር ገደማ በጣም ራቀ። ልጁ ራሱ «አሁን ጎረቤት ግቢ ውስጥ እንደሚያወሩ ነው፣ ለእኔ አይደለም» ይላል። የካሜራው ጉዳይ ቀረ። ለእናቱ እንጀራ ሱቅ ያደርሳል፣ ሒሳብ ይቀበላል። ኒውትሮፊሉ አንድ ጊዜ እንኳ ከ1,000 በታች አልወረደም።

ዝምታው ግን ብዙ አልተቀየረም። ካልጠየቁት አያወራም፣ የሚያስደስተው ነገር ትንሽ ነው። ክሎዛፒን በእንዲህ ዓይነቱ ምልክት ላይ ያለው ጉልበት ውስን ነው። አጎቱም ዝም ያሉ ሰው ነበሩ፤ ከአንድ ቤተሰብ የወጡ ታማሚዎች በዚህ ምልክት መመሳሰላቸው በጥናት ይታያል፣ ዝምድናው ግን ጠንካራ ስላልሆነ ለእናት «የተወሰነለት ነው» አላልኩም። ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመመለስ ተመዝግቦ በመጀመሪያው ሴሚስተር አቋረጠ። ትኩረቱ አልመለስ አለ። ይህ ለአባቱ በጣም ከባድ ነበር። ክብደቱ በ11 ኪሎ ጨመረ፣ ስኳሩም ወደ ድንበሩ ተጠግቷል። ማታ ምራቁ አሁንም ይፈሳል።

ለሌላው ታማሚና ባለሙያ

ባለሙያ ከሆናችሁ፦ 1,500 ያልሞላ ኒውትሮፊል ስታዩ ካርዱን ከመዝጋታችሁ በፊት የድሮ ውጤት ፈልጉ፣ በተለያየ ቀን ድገሙ፣ ሌላ ምክንያት አጣሩ። በአገራችን ዝቅ ያለ ቁጥር የተለመደ ነው። መድኃኒት አልሠራም ሲባል ደግሞ የምታውጠውን ሰው ቃል አክብሩ፤ ጫትና ሲጋራን ለምክር ብቻ ሳይሆን ለመጠን ስሌትም ጠይቁ። ጾም ሲገባና ሲወጣ ሲጋራውን እንደተወ ወይም እንደጀመረ ጠይቁ።

ቤተሰብ ከሆናችሁ፦ የላቦራቶሪ ወረቀት አትጣሉ። በቤተሰብ የታመመ ሰው ካለ ለሐኪሙ ተናገሩ፤ ምን መድኃኒት ወስዶ ምን እንደሆነም ጭምር። ክሎዛፒን ከ48 ሰዓት በላይ ከተቋረጠ በነበረው መጠን መቀጠል አደገኛ ነው፤ እንደገና ከ12.5 ነው የሚጀመረው። መድኃኒት ቤት የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ ሳያልቅ ቀድማችሁ ግዙ። ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከመጣ በዚያው ቀን ደም ይታይ። ሆድ ድርቀትንም አትናቁ፤ በክሎዛፒን ምክንያት አንጀት ቆሞ ሰው ይሞታል። ሦስት ቀን ሳይወጣ ከቀረ ወይም ሆዱ ከተነፋ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ይዛችሁት ኑ።